ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ንብ

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የሚሠራ አንድ ወጣት ወዳጅ አለኝ። ከሥራ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ የሚያነሣው ጊታሩን ነው። ይህ ወጣት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ከደመወዙ ላይ ጥቂት ጥቂት ቈጥቦ፥ የጐደለውን ደግሞ በዋሽንግተን የሚኖር ታላቅ ወንድሙ ሞልቶለት፥ ባለ 15 ዋት አዲስ የጊታር አምፕሊፋየር አስመጣ። ዕቃው በደረሰ በሳምንቱ ደወለልኝና፥ «ጋሼ፥ ገዢ ካወቁ ይንገሩኝ፤ ልሸጠው ነው» አለኝ።

«ምነው፥ ተሰበረ እንዴ?» አልሁት።

«አልተሰበረም። ድምፁ ግን ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ንብ ይመስላል። የእኅቴ ሠርግ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ እጫወታለሁ ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ። ይህን ይዤ ሰው ፊት ከምቆም ቃሌን ባጥፍ ይሻለኛል።»

እኔ በወጣትነቴ ጊታር አንሥቼ የተውሁ ሰው ነኝ፤ የጣቴ ነገር አይነሣ። ጆሮዬን ግን አልተውሁትምና እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ሄድሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የመረመርሁት ድምፁን ሳይሆን ሶኬቱን ነው። በአሜሪካ አገር የግድግዳው ኤሌክትሪክ 120 ቮልት ሲሆን የእኛ 220 ነው። ከዚያ የመጣ ዕቃ በጀርባው 120 ብቻ ተጽፎበት እያለ በቀጥታ የሰካው ሰው ገንዘቡን ወደ ጢስ ለወጠ ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት ዘመድ የላከልኝን ማጉያ ጽሑፉን ሳላነብ ሰክቼው ሽታው ከክፍሌ ለመውጣት ሁለት ቀን ፈጅቶበታል። ወዳጄ ግን ጠንቃቃ ነውና ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝቷል። ላልገዛ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ 15 ዋት የተባለው በስፒከሩ በኩል የሚወጣው ኃይል ነው እንጂ ከግድግዳው የሚሳበው አይደለም። በተለይ ቫልቭ ያለበት ዕቃ የዚያን ብዙ እጥፍ ይበላል። ስለዚህ ትራንስፎርመር ሲገዛ የሚነበበው በዕቃው ጀርባ የተጻፈው የፍጆታ ቍጥር ነው፤ በዚያም ላይ ተረፍ ያለ ይመረጣል።

ቫልቭ ያልሁት በድሮ ራዲዮኖች ሆድ ውስጥ እንደ አምፖል ሲግል የምናየው የመስተዋት ዕቃ ነው። ትራንዚስተር ከመጣ ወዲህ ራዲዮው ቢተወውም የጊታር ሰዎች እስከ ዛሬ አልለቀቁትም፤ በኮምፒዩተር ስሌት የሚሠሩት የአሁኖቹ ማጉያዎች እንኳ ሊመስሉ የሚጥሩት እርሱኑ ነው። ቫልቭ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ድምፁን በአንድ ጊዜ ቈርጦ አይጥለውም፤ ቀስ በቀስ ይጨምቀዋል፥ ያሻክረዋል። ያ መሻከር ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ከሶኬት ተነቅሎም በውስጡ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቈይ ይችላልና፥ ጀርባውን የሚፈታ ሥራውን የሚያውቅ ጠጋኝ ብቻ ይሁን።

ወደ ንቧ እንመለስ። ክፍሉ 3 ሜትር በ4 ቢሆን ነው። አምፕሊፋየሩ ጠረጴዛ ላይ፥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጦ፥ ከአንድ እርምጃ ርቀት በቀጥታ ወደ ወዳጄ ፊት ይጮኻል። ቮልዩሙ ከ1 ትንሽ ብቻ አለፍ ብሏል፤ ከግድግዳው ማዶ አከራዩ አሉና። የቀሩት ማዞሪያዎች ከኢንተርኔት በተገለበጠ የአንድ ዝነኛ ተጫዋች ቍጥር ቆመዋል፦ ቤዝ 3፥ ሚድል 4፥ ትሬብል 8። ወረቀቱንም ከመስኮቱ አጠገብ ለጥፎታል።

«ይህ ሰው የሚጫወተው የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«በትልልቅ አዳራሽ ነዋ!»

«ቮልዩሙስ ስንት ላይ ነው?»

ዝም አለ። ወረቀቱ ላይ ያ አልተጻፈም።

በ1933 (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ፍሌቸርና መንሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሰው ጆሮ ድምፅን እንዴት እንደሚመዝን ለክተው አሳትመው ነበር። ድምፅ ዝቅ ባለ ጊዜ ጆሯችን ከመካከለኛው ይልቅ ወፍራሙን አብዝቶ ያጣዋል፤ ከፍ ሲል ግን ልዩነቱ ይጠብባል። ስለዚህ በአዳራሽ ያማረው አቀማመጥ በመኝታ ቤት በሹክሹክታ ሲሰማ ሥጋው ያልቅና አጥንቱ ይቀራል። በዚህ ላይ ቀጭኑ ድምፅ ከስፒከሩ እንደ ባትሪ መብራት ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ወፍራሙ ግን እንደ ጢስ በክፍሉ ይበተናል። ወዳጄ ፊቱን በዚያ መብራት ላይ ደቅኖ፥ ትሬብሉን 8 አድርጎ፥ ዕቃውን ይራገማል።

ቍጥሮቹም ቢሆኑ እንደምናስበው አይደሉም። ቤዝ፥ ሚድልና ትሬብል ለየብቻ የሚከፈቱ ሦስት ቧንቧዎች ይመስሉናል። በፌንደር አሠራር በተሠሩ ማጉያዎች ግን ሦስቱ የተሳሰሩ ናቸው፤ አንዱን ሲነኩት የሌላው ሥራ ይለወጣል። ሁሉንም 5 ላይ ማቆም እንኳ እኩል አደረግሁ ማለት አይደለም፤ መካከለኛው ድምፅ ጐድጐድ ብሎ ይቀራል። የዚህ አሠራር ጌታ ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ፥ በፉለርተን ከተማ፥ በ1938 የራዲዮ መጠገኛ የከፈተ ሰው ሲሆን፥ በ1991 እስኪሞት ድረስ ጊታር መጫወት አልተማረም። በ1952 «ቤዝማን» ብሎ ያወጣውን ማጉያ ያሰበው ለቤዝ ጊታር ነበር፤ የሊድ ጊታር ሰዎች ግን ወሰዱት። በ1962 ለንደን ውስጥ የከበሮ መምህርና ባለሱቅ የነበረው ጂም ማርሻል ከሠራተኞቹ ጋር ያንኑ ቤዝማን አርአያ አድርጎ የራሱን ማጉያ አወጣ፤ የሮክ ሙዚቃ ጩኸት ከዚያ ብዙ ተቀበለ። እንግዲህ ሠሪው ለአንድ ነገር ያሰበውን ዕቃ ጆሮ ለሌላ ነገር ካዋለው፥ ከመስኮት አጠገብ የተለጠፈ ወረቀት ምን ሥልጣን አለው?

ወረቀቱን አስነሣሁትና ወደ አከራዩ ሄድን። «እትዬ፥ ግማሽ ሰዓት ይፍቀዱልን» አልን።

«ዘፈኑን መች ሰማሁት፥ ልጆቼ! ወደ እኔ የሚመጣው ዱብ ዱብታው ብቻ ነው፤ ሰው በር መታ እያልሁ ስንት ጊዜ ተነሣሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግድግዳ ቀጭኑን ድምፅ ይይዛል፥ ወፍራሙን ያሳልፋል። ጠረጴዛውን ከግድግዳው ሁለት ክንድ ያህል አራቅነውና በማጉያው ሥር የታጠፈ ብርድ ልብስ አነጠፍንበት። ፊቱንም ከወዳጄ ጆሮ ትንሽ ዘወር አደረግነው።

ከዚያ ሦስቱን ማዞሪያዎች 5 ላይ አቁመን ቮልዩሙን ወደ 4 ከፍ አደረግን። «አንድ የትዝታ ቍራጭ ምረጥ፤ እኔ በቃ እስክልህ እርሱን ብቻ ደጋግመህ ምታ» አልሁት። ማዞሪያውን የማዞረው እኔ ነኝ፤ እርሱ ቍጥሩን እንዳያይ ጀርባውን ሰጠ። በአንድ ጊዜ አንድ ማዞሪያ ብቻ ነክቼ እጠይቀዋለሁ፦ «ተሻለ ወይስ ባሰ?» ሃያ ደቂቃ ያህል ከፈጀን በኋላ ትሬብል 4፥ ቤዝ 5፥ ሚድል 7 ላይ ቆመ። ዞሮ ሲያየው አላመነም። ሚድልን ሁልጊዜ የሚቀንሰው ብቻውን ሲጫወት «ያፍናል» ብሎ ነው። ነገር ግን በባንድ ውስጥ ወፍራሙን ሥፍራ ቤዝ ጊታርና ከበሮ ይይዙታል፥ ቀጭኑን የከበሮው ሳህኖች ይወስዱታል፤ ለጊታር የሚተርፈው መካከሉ ነው። እርሱንም ካስረከበ ማን ይሰማዋል?

አንድ ክርክር ቀረን። ወዳጄ የሻከረ ድምፅ ይወዳልና ጌይኑን 8 አደረገ። ትዝታው ቻለው። አንቺሆዬን በሁለት ክር አንድ ላይ ሲመታ ግን ክፍሉ የወፍጮ ቤት መሰለ። ማጉያው ሲሻከር ከሁለቱ ድምፆች ድምርና ልዩነት ሌሎች ድምፆችን ራሱ ይወልዳል፤ ድምፆቹ የሚስማሙ ሲሆኑ ልጆቹም ይስማማሉ፥ እንደ አንቺሆዬ ጐን ለጐን የተጠጋጉ ሲሆኑ ግን ይጣላሉ። ስለዚህ አንቺሆዬን በአንድ ክር፥ ወይም ጌይኑን 3 አድርጎ እንዲጫወት ተስማማን። ማስተጋቢያውንም ቀነስንበት፤ ጣቱ ሲሳሳት የሚደበቅበት እዚያ ነበር።

«ምነው 50 ዋት በገዛሁ» ሲል ደግሞ አጽናናሁት። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል፤ 50 ዋት ከ15 የሚበልጠው እንደ ዋጋው አይደለም። አዳራሹ ሰፊ ከሆነ በስፒከሩ ፊት ማይክሮፎን ይቆማል።

አዳራሹ ግን ገና አልታየም። ባዶውን ሲያስተጋባ የሚሰማው ድምፅ እንግዶች ሲሞሉበት ይለወጣል፤ የሰው ልብስና ገላ ቀጭኑን ድምፅ ይጠጣልና ትሬብል 4 የዚያን ቀን 5 ወይም 6 ሊሆን ይችላል። በሠርጉ ዋዜማ ማታ ሄደን ልንሞክረው ተቃጥረናል። እርሱ ጊታሩንና ማጉያውን ይይዛል፥ ትራንስፎርመሩን የምሸከመው እኔ ነኝ።