ጣና የደረቀበት ዘመንና የወሎ ዝናብ

በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ቆላ ደጋሊትን የመሰለ ዘግይቶ የሚደርስ ማሽላ የሚዘራው በሚያዝያ ዝናብ ነው። ዝናቡ ከቀረ ገበሬው ቶሎ ወደሚደርስ ዘር ወይም ወደ ጤፍ ይዞራል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ከከዳ በኋላ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ የተነሳው ኤልኒኞ ክረምቱንም አሳጣ፤ በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የአስቸኳይ ምግብ ርዳታ ጠባቂ ሆነ። የሀብሩ ማሳ ከባሕር ርቆ ይታይ እንጂ ዕጣው የተሳሰረው ከውቅያኖስ ጋር ነው።

ከዚያ የከፋ ድርቅም በዚህ ምድር አልፏል።

ከ17,000 ዓመት ግድም በፊት፣ ከሰሜኑ ግግር በረዶ የቀለጠ ጨው አልባ ውሃ ወደ አትላንቲክ ገባ። የአትላንቲክ ታላቅ ጅረት ሞቃቱን ውሃ ወደ ሰሜን ይወስዳል፤ እዚያ ቀዝቅዞና ከብዶ የሰመጠው ውሃ በጥልቁ ወደ ደቡብ ይመለሳል። የላዩ ውሃ ጨው አጥቶ ሲቀል መስመጡ ቀነሰ፣ ጅረቱም ደከመ። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ የምሥራቅ አፍሪካ ክረምት አብሮ ሳሳ።

ጣና ደረቀ። ተመራማሪው ሄንሪ ላምብና ባልደረቦቹ ከሐይቁ ወለል ያወጡት ደለል ይህን በግልጽ ይናገራል፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ቦታ ሥር ከ16,700 ዓመት በፊት ጀምሮ ደንገል የበቀለበት ረግረግ ተገኝቷል። ሐይቁ ሞልቶ ወደ ዓባይ የፈሰሰው ከ14,750 ዓመት በፊት ነው። የአትላንቲክ ጅረት እንደገና የበረታውም በዚያው ዘመን ነበር!

ከወልድያ በቆቦና በአላማጣ አልፎ ከኮረም በላይ የሚገኘው የአሸንጌ ሐይቅም የ17,000 ዓመት ታሪክ በደለሉ ይዟል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይህን መዝገብ ሊማሩትና ሊቀጥሉት ይገባል፤ የገዛ አገራቸው ታሪክ ነውና።

በይነ መንግሥታዊው የአየር ንብረት ለውጥ ቡድን (IPCC) በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ የአትላንቲክ ጅረት በዚህ ክፍለ ዘመን የመዳከሙ ዕድል በጣም ከፍተኛ መሆኑን ገልጿል። ከ2100 እ.ኤ.አ. በፊት በድንገት ይቆማል አላለም፤ የጣና ድርቅ ነገ ይደገማል ብሎ ሕዝብ ማስደንገጥም ተገቢ አይሆንም። መዘናጋት ግን ከዚህ የባሰ ጥፋት ነው። የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ግራና-1ን የመሰሉ ቶሎ የሚደርሱ ማሽላዎችን አውጥቷል። ዘሩ ሚያዝያ ደርቆ ካለፈ በኋላ ሳይሆን፣ ከበልጉ በፊት በሀብሩና በጉባላፍቶ የኅብረት ሥራ ማኅበራት መጋዘን መግባት አለበት፤ በጀቱም በዚያው ልክ ቀድሞ ይያዝ።