ለማይጠይቅ አንባቢ የሚጻፍ መመሪያ

እንበል ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ወጣት የአያቷን ድምፅ የያዘ የቆየ ካሴት አገኘች። ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገልብጣ ለአንድ የኤአይ ኤጀንት ሰጠችው፤ ማን፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ስለ ምን እንደተናገረ በጊዜ መስመር ላይ እንዲያስቀምጥላት አዘዘችው። ኤጀንቱ ጥቂት ቆይቶ ንጹሕ ሰንጠረዥ አወጣላት። አያትየው "በሰባ ሰባት ከይፋት ወጥተን" ያሉበት ቦታ ላይ ግን "1977 እ.ኤ.አ." ብሎ ጽፏል።

ያ ዓመት በእኛ አቆጣጠር 1969 እና 1970 ነው፤ የቀይ ሽብር ዘመን። አያትየው የተናገሩት ስለ 77ቱ ድርቅ ነበር። ከረሃብ የሸሸ ገበሬ በአንድ መስመር ስህተት ከሽብር የሸሸ ሰው ሆነ ማለት ነው። ማሽኑ አልዋሸም። የትኛውን አቆጣጠር እንደሚከተል የነገረው ስላልነበረ በሚያውቀው ሞላው።

ይህ ምሳሌ ነው፤ አደጋው ግን እውነተኛ ነው። ኤጀንት የሚባለው ጥያቄ መልሶ የሚያበቃ ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም ከፍቶ ሥራ የሚሠራ ኤአይ ነው። ድምፅ ላይ የሚሠራ ሰው ሞገዱን በስክሪን ያያል፣ በጆሮው ያዳምጣል፣ ሲሳሳት ይመልሳል። ኤጀንቱ ግን በአብዛኛው የሚመራው ስለ መሣሪያው በተጻፈለት መመሪያ ነው። ለምሳሌ ኦዳሲቲ የተባለው ነፃ የድምፅ ፕሮግራም የጊዜ ምልክቶችን በተራ ጽሑፍ ያወጣል፤ መነሻ ሰከንድ፣ መድረሻ ሰከንድ፣ ከዚያ መግለጫ። ቁጥሩ ሰከንድ መሆኑ ካልተጻፈለት "1:30" አንድ ደቂቃ ተኩል ይሁን አንድ ሰዓት ተኩል በግምት ይወስናል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ያለ የአሥር ሰከንድ ሳል ከተቆረጠ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ምልክት ሁሉ በአሥር ሰከንድ ይንሸራተታል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዋናው ቅጂ ነው ወይስ ከተቆረጠው? ይህን መመሪያው ካልተናገረ ማንም አይናገርም።

ድምፅን በምልክት ማስፈር ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። የያሬድን ዜማ በምልክት የማስፈሩን ሥራ ታሪክ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ትንንሽ ፊደላት ዜማው እንዴት እንደሚሄድ ያመለክታሉ። ነገር ግን ምልክቱ ብቻውን ማንንም ደብተራ አላደረገም። አጠገቡ ሁልጊዜ መሪጌታ ነበረ፤ ተማሪው ሲስት የሚያርመው፣ ብራናው ያልተናገረውን በቃል የሚሞላለት። ኤጀንት መሪጌታ የለውም። ለሰው "ይህማ የታወቀ ነው" ተብሎ የሚታለፈው ሁሉ ለእሱ መጻፍ አለበት።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለሚቀዳ ድምፅ ምን ይጻፍ? ከዓመተ ምሕረቱ ሌላ ሰዓቱ አለ፤ "ከሌሊቱ ስምንት" ያሉ እናት የተናገሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለ ሁለት ሰዓት ነው። ቋንቋው አለ፤ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ አርጎባዎች አሉ፣ አርጎብኛም ለአማርኛ ቅርብ ስለሆነ ማሽን "ግልጽ ያልሆነ አማርኛ" ብሎ ሊያልፈው ይችላል። መጥበቅና መላላት አለ፤ "አባቴ አለ" ላልቶ ሲነገር አባት ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነገር አባት በሕይወት አለ ማለት ነው። ፊደላችን ይህን አይለይም፤ የሚለየው ድምፁ ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ወደ ተነገረበት ሰከንድ የሚመልስ ምልክት ይኑረው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት ትእዛዝ ያስፈልጋል፦ ዋናውን ቅጂ አትንካ፤ ያልሰማኸውን "አልተሰማም" ብለህ ጻፍ እንጂ አትሙላ።

"ማሽኖቹ በየወሩ እየጎበዙ ነው፤ ነገ ራሳቸው ይደርሱበታል" የሚል አይጠፋም። መጎበዛቸው እውነት ነው። ችግሩ የጎበዝ ግምትና እውቀት ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ አንድ መምሰላቸው ነው። ግምቱ በተሻለ ቁጥር ስህተቱን የሚያጣራው ሰው ይቀንሳል። "መመሪያ መጻፍ የፕሮግራመር ሥራ ነው" የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ፕሮግራመሩ ሰከንዱን ያውቃል፤ "ሰባ ሰባት" ሲባል የሚደነግጠው ግን የይፋት ሽማግሌ ነው። መመሪያው የሁለቱንም እጅ ይፈልጋል። የታሪክ መምህሩ፣ የቋንቋ ተማሪው፣ የሬዲዮ ጋዜጠኛው አንድ ገጽ ተኩል ቢጽፉ ከብዙ ወር እርማት ያድናል።

አንጎለላ የተወለዱት፣ አንኮበር ላይ የነገሡት ምኒልክ በ1891 ዓ.ም. ከንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የተቀዳ የድምፅ መልእክት ደርሷቸው እሳቸውና እቴጌ ጣይቱ በድምፅ መልሰዋል። የንግሥቲቱ ቅጂ ከተሰማ በኋላ በራሷ ፈቃድ እንዲጠፋ ተደረገ። የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን ዛሬም አለ። ማን እንደተናገረ፣ ለማን፣ መቼ የሚለው አብሮት ባይቆይ ኖሮ የሚሰማው የሁለት ሰዎች ድምፅና የፎኖግራፍ ጩኸት ብቻ በሆነ።

አበው በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። ካሴቱ በመካከል ነው ያለው፤ ተቀድቷልና አልተረሳም፣ ምልክት የለውምና አልተወረሰም። ወደ ውርስ የሚያሻግረውን ሥራ ለማሽን መስጠት ነውር የለበትም። ነውሩ እንደ ልጅ ሳያስተምሩት እንደ ሊቅ ማመን ነው።