ከምንጣፉ ሥር ያለው ውሃ

የዛሬው ጨዋታችን ውሃ ስለምታስገባ አሮጌ መኪና ነው። መኪና የሌላችሁም ገጹን አትለፉት፤ ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው ሁሉ የሚያገኘው ነገር አለበት።

ለዘመድ ጥየቃ ወደ ሮቤ ሄደን ነበር። ያረፍነው ጡረታ በወጡ አንድ መምህር ቤት ሲሆን፣ በግቢያቸው ከልጆቻቸው የምትበልጥ አንዲት ቮልስ ቆማለች። ቮልስን የማያውቅ አንባቢ አይኖርም። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን ታላላቆቻችን አይረሱትም። የዚህች የድሮዋ ዓይነት የመጨረሻዋ መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ካለው ፋብሪካ ብትወጣም፣ በሀገራችን ግን ዛሬም ትሄዳለች።

የመምህሩ ቮልስ ሞተሯ ደህና ነው። ችግሯ ዝናብ በመጣ ቁጥር የኋላው ምንጣፍ በቀኝ በኩል መራሱ ነው። መካኒክ ሁለት ጊዜ የፊት መስታወቱን ዙሪያ በሲሊኮን ለድፎላቸዋል፤ ውሃው ግን አልቀረም። ባሌ ደግሞ ለእንዲህ ያለ መኪና ፋታ የሚሰጥ ሀገር አይደለም። ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ አንዱን ጋና ሌላውን ቦና ይለዋል። ሁለት ምርት ማለት ሁለት የዝናብ ወቅት ማለት ነው፤ የራሰ ምንጣፍ ሳይደርቅ ሌላው ዝናብ ይደርሳል።

እኛ በሄድንበት ሳምንት መምህሩ መኪናዋን ሊሸጧት ወስነው ከጎባ ገዢ ይጠብቁ ነበር። ታላቁ ልጃቸው፣ «አባ፣ አዲስ ሞኬት እናንጥፍባት፤ አንድ ቀን ፀሐይ ካገኘች ሽታውም ይጠፋል» አላቸው። አባት ቀና ብለው አዩትና፣ «የእህሉን ክምር ታሪክ የት ተማርከው?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢያስገቡ ከላይ ደረቅ ከሥር እርጥብ ሆኖ ስላገኙት፣ ሻጩንም እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው ስለጠየቁት ነገር አንባብያን የሰማችሁት ነው። ሞኬቱ ቀረ፤ በምትኩ ፍለጋ ተጀመረ።

በቅድሚያ አንድ ነገር እናስታውስ። ቮልስ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ራዲያተር የላትም። ስለዚህ ውስጧ የተገኘ ውሃ ከሰማይ፣ ከእጥበት ወይም ከመንገድ እንጂ ከሞተር አይመጣም። እንደ ላንድሮቨር ባሉት ላይ ግን ከዳሽቦርድ ሥር ያለው ማሞቂያ ራሱ ሊያፈስ ይችላል፤ ያ ውሃ ሲዳሰስ ያሟልጫል፣ አንዳንዴም ቀለም አለው። በሾፌሩ እግር በኩል ቅባት የሚመስል ነገር ከታየ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናዋ ከግቢ መውጣት የለባትም። ከጎባ ተነስቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ያለውን የሰነቴን አምባ አልፎ በሐረና ጫካ ወደ ዶሎ መና የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ለምን እንደዚህ እንደምንል ይገባዋል።

ወንበሮቹ ወጡ፣ ምንጣፉ ተገፈፈ፣ ወለሉ በጨርቅ ደረቀ። ከዚያ መምህሩ ከሚስታቸው ፌስታል ተቀብለው በወለሉ ላይ ዘረጉና አደሩ። ብልሃቱ ቀላል ነው። ሌሊት ዘንቦ ጠዋት ውሃው ከፌስታሉ በላይ ከተገኘ የመጣው ከላይ ነው፤ ፌስታሉ ከላይ ደርቆ ሥሩ ከራሰ ደግሞ ወለሉ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። መስታወቱ ብቻ ከውስጥ አልቦ ወለሉ ደረቅ ከሆነ መኪናዋ አታፈስም፤ የሰው ትንፋሽና የራሰ ጋቢ በደጋ ብርድ የሚያመጡት ላብ ነው። ከሱብሂ በኋላ ስናይ ውሃው ከፌስታሉ በላይ ተኝቷል።

ቀጥሎ የውሃው ሥራ መጣ። ጎማ ቱቦ ስላልነበረ በጀሪካንና በጆግ ሠራን። ልጁ ባትሪ መብራት ይዞ ውስጥ ገባ፣ በሩ ተዘጋ፤ እኛ ከውጭ ማፍሰስ ጀመርን። ሰው ሁሉ ከጣሪያ መጀመር ይወዳል። ስህተት ነው፤ ከላይ የፈሰሰ ውሃ ሁሉንም ስለሚያረጥብ የገባበት አይለይም። ከበሩ ግርጌ ተጀምሮ አንድ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ እየተጠበቀ ወደ ላይ ይወጣል። የበሩን ጎማ ለመፈተን ጠመኔ ቀብቶ መዝጋት ነው፤ ጠመኔው ያልታተመበት ቦታ ጎማው አልነካም ማለት ነው። በደጋው ብርቱ ፀሐይ ጎማ ቶሎ ስለሚደርቅ የእኛም ጎማ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ቢሆንም ውሃ አላሳለፈም። የፊት መስታወቱም ንጹሕ ሆነ። ያ ሁሉ ሲሊኮን በከንቱ!

ጆጉ የፊተኛው የቀኝ በር መስታወት ላይ ሲደርስ ልጁ ከውስጥ «መጣ! መጣ!» ብሎ ጮኸ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በማንኛውም መኪና በመስታወቱ ጎን የሚወርድ ዝናብ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ ያለ ነው፤ ከግርጌው ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ከውስጥ ሽፋኑ ጀርባ ደግሞ ውሃው ወደ ሰው እንዳያልፍ ላስቲክ ተለጥፏል። የዚህች በር ቀዳዳዎች በሮቤ ጥቁር ጭቃ ተደፍነዋል፤ ላስቲኩም ከዓመታት በፊት ድምፅ ማጉያ ሲገባ ተቀዶ ቀርቷል።

«ታዲያ ለምን ከኋላ ይርሳል?» አልን። መልሱ ከግቢው አቀማመጥ ተገኘ። መኪናዋ የምትቆመው አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አቅንታ ስለሆነ ከፊት የገባው ውሃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ለዓመታት የራሰውን ስናይ የፈሰሰበትን ሳናይ ኖረናል።

የሚያሳዝነው የቀረው ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ውሃውና ከባትሪው የወጣው አሲድ ተቀላቅለው ከሥሩ ያለውን ላሜራ እንደ ወንፊት በልተውታል። የመምህሩ ባለቤት ይህን ሲያዩ ቤት ገብተው ቀሚሳቸውን ይዘው ወጡ፤ ጫፉ ተበሳስቷል። ብል ነው ብለው ስንት ጊዜ ሣጥናቸውን አጥበዋል! ባትሪው ትንሽ ቢቆይ ወለሉን ይዞ ይወርድ ነበር፤ ክዳኑም ስላልነበረ የወንበሩ ሽቦ ራሱን ቢነካ እሳት ነው። ልጆች የሚቀመጡት ደግሞ እዚያ ላይ ነው።

የበሩ ቀዳዳዎች በሽቦ ተጎረጎሩ፤ አዲስ ላስቲክ በማስቲሽ ተለጠፈ። ይህ ለሻይ የሚበቃ ገንዘብ አልፈጀም። ወለሉ ግን በያጅ ፈለገ። ባትሪው ወጥቶ፣ አሲዱ በሶዳ ውሃ ታጥቦ፣ አዲስ ላሜራ ተበየደ፣ የዝገት መከላከያ ቀለምም ተቀባ።

ገዢው ሐሙስ ከዐስር በኋላ ከጎባ መጣ። መምህሩ ከሰላምታ ቀጥሎ ምንጣፉን በእጃቸው ገልጠው ብየዳውን አሳዩት፤ ከየት እንደገባ፣ ምን እንደበላ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ወለሉን ዳሰሰ፣ የበሩን ግርጌ አየ፣ ከዋጋው ቀነሰ። ከመግሪብ በፊት ተስማሙ። ሊሄድ ሲል ዝናቡ መጣ፤ ገዢው ሞተሩን አስነስቶ ወደ ጎባ አቀና። ልጁ እስከ ዛሬ አባቱ ብዙ አስቀንሰዋል ባይ ነው።