የጨዋታው መደብር ጂንካ ደርሷል፤ የክፍያው በር ግን አልተከፈተም

ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው። የአሪ ገበሬ ቡናውንና ኮረሪማውን ይዞ ይወጣል፤ ከቆላው ወገን ማርና ፍየል ይመጣል። በአንፃሩ ሳሙናው፣ ባትሪው፣ ጀሪካኑና የሞባይል ቀፎው ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በኮንሶና በቀይ አፈር አድርጎ፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይገባል። በዚህ ሁሉ መንገድ የነዳጁ፣ የጫኝና አውራጁ፣ የጅምላ ነጋዴውና የቸርቻሪው ወጪና ትርፍ ይደራረባል። የደቡብ ኦሞ ሸማች ከሚከፍለው ዋጋ ውስጥ የመንገዱ ድርሻ ቀላል አይደለም።

ከዚህ የመንገድ ወጪ ነፃ የሆነ ሸቀጥ አለ ቢባል የጂንካ ነጋዴ ጆሮውን ማቆሙ አይቀርም። ሸቀጡ በተለምዶ «ጌም» የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ነው። ጌም በሲዲ ታሽጎ በመደብር መደርደሪያ ላይ ይሸጥ የነበረበት ዘመን እያለፈ ነው። ቫልቭ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 «ስቲም» የተሰኘውን የኢንተርኔት መደብር ከከፈተ ወዲህ ገዢው ቤቱ ተቀምጦ ከፍሎ ጨዋታውን በመስመር ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአፕል መደብር ተከተለ። ዛሬ ጎግል ፕሌይ የሚባለው የአንድሮይድ ስልኮች መደብር ደግሞ በአንድ ተራ ቀፎ ውስጥ ሙሉ ሱቅ አስገብቷል። ለዚህ መደብር ጂንካም ሆነ ኒው ዮርክ እኩል ቅርብ ናቸው።

በንድፈ ሐሳብ ደረጃ፣ ከዚህ ዓይነቱ ንግድ ይበልጥ መጠቀም የሚገባው ከመሀል አገር የራቀ ከተማ ነበር። መንገድ ያላስወደደውን ዕቃ ከሁሉ በላይ የሚፈልገው መንገድ የሚያስወድድበት ሸማች ነውና። በተግባር የሚታየው ግን የተገላቢጦሽ ነው። መደብሩ የዕቃውን መንገድ ቢያሳጥርም የክፍያውን መንገድ አላሳጠረም።

በአነስተኛ ከተሞች ጌም ዛሬም ወደ ተጠቃሚው የሚደርሰው በሁለት በሮች ነው። አንደኛው ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ የሚጭነው የሞባይል ቤት ነው። ወጣቱ ቀፎውን ሰጥቶ፣ ጥቂት ብር ከፍሎ፣ ዘፈኑንም ፊልሙንም ጌሙንም አስጭኖ ይሄዳል። ሁለተኛው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ማሽንና ሁለት ጆይስቲክ ያለው ባለቤት በጨዋታ ሒሳብ ያስከፍላል፤ ብዙ ጊዜም ከፋዩ ተሸናፊው ነው። የሚመረጠው ጨዋታ ደግሞ እግር ኳስ ነው።

እነዚህ ሁለት በሮች ስማቸው አይነሳም እንጂ እነሱም የማከፋፈያ መረብ ናቸው። ተጠቃሚውን የዓለም አቀፍ ካርድ አይጠይቁትም፤ በብር ይገበያያሉ፤ ሠርተውም ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። ጉድለታቸውም ግልጽ ነው። የሚጫነው ጌም አብዛኛው ያለፈቃድ የተቀዳ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ጭምር ጥበቃ ስለሚሰጥ ሥራው በሕግ ፊት ሊያስጠይቅ ይችላል። ቅጂው ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ቢበላሽም ካሳ የሚጠየቅበት አካል የለም። ሠሪውም አምስት ሳንቲም አያገኝም።

ኦፊሴላዊው መደብር በእነዚህ ነጥቦች ሁሉ ይበልጣል። ጨዋታው ንጹሕ ነው፤ ስህተት ሲገኝበት ይታረማል። ስቲም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ ከሁለት ሰዓት ያነሰ የተጫወተ ሰው ገንዘቡ እንዲመለስለት ያደርጋል። ይህን መብት የጂንካ ሸማች ጫማ ሲገዛም አያገኘውም። ለሠሪውም በሩ ሰፊ ነው። 25 ዶላር አንዴ ከፍሎ የተመዘገበ ሰው በጎግል ፕሌይ፣ በየጨዋታው 100 ዶላር የከፈለ ደግሞ በስቲም ሥራውን ለዓለም ማቅረብ ይችላል። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ፣ ከመታረድ የምትሸሸውን ዶሮ ታሪክ «ኩኩሉ» ብሎ፣ የአባቶችን የገበጣ ጨዋታም ወደ ስልክ አምጥቶ ለገበያ ያቀረበው በዚሁ በር ነው። አሳታሚና የሲዲ ፋብሪካ የግድ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጨዋታዎች ሐሳብ ሆነው በቀሩ ነበር።

ይሁን እንጂ ሂሳቡ ሲሠራ ሌላ ገጽታ ይወጣል። የመጀመሪያው ዋጋው ነው። ስቲም ዋጋውን በበርካታ አገሮች ገንዘብ ይለጥፋል፤ ብር ግን ከእነሱ ውስጥ የለም። አዲስ የወጣ ትልቅ ጨዋታ 70 ዶላር ገደማ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ጨዋታው ወደ 4 ሺህ ብር ይጠጋ ነበር። ዛሬ ተመኑ ከእጥፍ በላይ በመሆኑ ያው ጨዋታ ከ8 ሺህ ብር ያልፋል። አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት በጨዋታ 10 ብር ያስከፍላል ቢባል፣ ኪራይ፣ መብራትና የማሽን እርጅና ሳይቀነስ፣ የአንዱን ጌም ዋጋ ብቻ ለመመለስ ከ800 ጊዜ በላይ ማጫወት ይኖርበታል። የእግር ኳሱ ጌም ደግሞ በየዓመቱ አዲስ ይወጣል።

ሁለተኛው የክፍያው መንገድ ነው። ገንዘቡ ያለውም ሰው ቢሆን ዓለም አቀፍ ካርድ ያስፈልገዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተደረገው ማሻሻያ ከውጭ ገንዘብ የሚላክላቸው ሰዎች የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ የሚከፍቱበትን ዕድል አስፍቷል፤ የፕሌይስቴሽን ቤቱ ባለቤት ግን ገቢው ሁሉ ብር ነው። በዚህ የተነሳ ወይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ይለመናል፣ ወይ የስጦታ ካርድ በሚሸጥ ደላላ በኩል ከተመን በላይ ይከፈላል። የመንገዱን ደላላ አስቀረ የተባለው መደብር የምንዛሪ ደላላ ወለደ ማለት ነው። የፕሌይስቴሽን አምራች የሆነው ሶኒ ደግሞ በኔትወርኩ በይፋ ከሚያስመዘግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያን አላስገባም። ማሽኑን ጂንካ የከፈተ ሰው መደብሩ ውስጥ ለመግባት የሌላ አገር ነዋሪ ነኝ ማለት ይጠበቅበታል፤ በዚህ ዓይነት የተከፈተ ሂሳብ አንድ ቀን ቢዘጋ አቤት የሚባልበት ቦታ የለም።

ሦስተኛው የመስመሩ ወጪ ነው። 50 ጊጋ ባይት የሚመዝን ጨዋታ በሴኮንድ 10 ሜጋ ቢት በሚያወርድ መስመር 11 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ያውም መብራት ካልጠፋና መስመሩ ካልደከመ ነው። ማሻሻያ በመጣ ቁጥር ደግሞ ተጨማሪ ዳታ ይገዛል። ለሕፃናቱ «ነፃ» የሚባሉት የስልክ ጌሞችም ቢሆኑ ነፃ አይደሉም። በየመሀሉ የሚመጣው ማስታወቂያ የሚወርደው ልጁ ወይም ወላጁ በገዛው ዳታ ነው። ማስታወቂያ አስነጋሪው ለመደብሩና ለሠሪው ይከፍላል፤ ተመልካቹ ደግሞ ለቴሌኮሙ ይከፍላል።

አራተኛውና ብዙም የማይነገርለት የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ሲዲ የገዛ ሰው ዕቃው የራሱ ነው፤ ይሸጠዋል፣ ያውሰዋል፣ በሌላ ይለውጠዋል። ከኢንተርኔት መደብር የገዛ ግን የገዛው ዕቃውን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃዱን ነው። ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የተሰኘውን የመኪና ጨዋታ አገልግሎት እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 2024 ሲዘጋ ከፍለው የያዙት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የካሊፎርኒያ ግዛት በዚያው ዓመት ባወጣውና ከጥር 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ሕግ፣ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን ሳይገልጹ «ግዛ» የሚል ቃል እንዳይጠቀሙ አዟል።

ጉዳዩ ለፕሌይስቴሽን ቤቶች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። የጨዋታው አምራች ኢ.ኤ. ከፊፋ ጋር የነበረው የስም ውል ካበቃ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ከፊፋ 14 እስከ ፊፋ 23 ያሉትን ጨዋታዎች ከኢንተርኔት መደብሮች ሽያጭ አነሳ። ተፎካካሪው ኮናሚም «ፔስ» የሚባለውን ተወዳጅ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2021 «ኢፉትቦል» ብሎ በነፃ በኢንተርኔት ብቻ የሚገኝ አደረገው። አሮጌ የፊፋ ሲዲ ያለው የጂንካ ባለቤት ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ማሽኑን ከፍቶ ያጫውታል፤ ማሽን ሲቀይርም ሲዲውን ይሸጣል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። ለመድኃኒትና ለማዳበሪያ የሚሆን ዶላር በሚታሰብበት አገር ለጨዋታ ስለሚከፈል የውጭ ምንዛሪ መነጋገር ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። ሆኖም በሩ መዘጋቱ ዶላሩን አላዳነውም፤ ክፍያው በዘመድና በደላላ በኩል እየሄደ ነው። በዘመድ በኩል የሚከፈለው ዶላር ወደ አገር ውስጥ ባንክ ሊላክ ይችል የነበረ ገንዘብ ነው። ከዚህ የሚያተርፈው ደላላው ብቻ ሲሆን፣ ግብር ሰብሳቢውም ባንኩም ቴሌኮሙም ከሂሳቡ ውጭ ናቸው። በሌላ በኩል በሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። መክፈያ የሌለው ገበያ ሠሪም አያፈራም፤ በአገሩ ሰው የማይገዛለት ሠሪ ከማስታወቂያ ሳንቲም በቀር የሚያገኘው የለም።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም ፔሳ ደግሞ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን አገልግሎት ላይ ናቸው። ከኦሞራቴ በታች፣ ከዳሰነች ወረዳ ድንበር ማዶ ያለው የኬንያ ተጠቃሚ በጎግል ፕሌይ ላይ በኤም ፔሳ መክፈል ይችላል። ቴሌኮሞቹና ብሔራዊ ባንክ ከመደብሮቹ ጋር ተደራድረው ለአነስተኛ ግዢ በወር የተወሰነ ጣሪያ ያለው የብር ክፍያ ቢፈቅዱ፣ ዶላሩ በቁጥጥር ሥር ይወጣል፤ የደላላው ትርፍም ይቀራል። ጣሪያው መኖሩ የምንዛሪ ሥጋት ላለበት ወገን በቂ ማረጋገጫ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የሚመለከተው ነጋዴዎቹን ነው። የመደብሮቹ ውል ለግል መጠቀሚያ ብቻ በመሆኑ፣ በግል ሂሳብ ጌም ገዝቶ ሕዝብን በክፍያ ማጫወት ውል መጣስ ነው። ስቲም ግን ለጌም ቤቶች የተለየ የንግድ ፈቃድ አለው፤ በዚህ ፈቃድ ጨዋታው አንዴ ወርዶ በቤቱ ውስጥ ላሉት ኮምፒዩተሮች ሁሉ ይከፋፈላል። 50ው ጊጋ ባይት ለእያንዳንዱ ማሽን መውረዱ ይቀርና አንድ ጊዜ ብቻ ይወርዳል ማለት ነው። ለብቻው አቅም የሌለው የጂንካ ባለቤት ከሌሎች ጋር በማኅበር ቢደራጅና አነስተኛ የብድር ተቋማት ቢደግፉት፣ ዛሬ በስውር የሚሠራው ሥራ በንግድ ፈቃድ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ልጆች ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንዲጫወቱ ለማድረግም ከተሸሸገ ቤት ይልቅ የተመዘገበ ቤት ይመቻል።

ሦስተኛው ትርፍ የሚገኘው ከማምረት በኩል ነው። ከተማው ዛሬ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ አለው። በአካባቢው በርካታ ብሔረሰቦች ይኖራሉ፤ የሐመር የከብት ዝላይም ሆነ የሙርሲ የዱላ ግጥሚያ በውጭ ፎቶግራፍ አንሺዎች ካሜራ ዓለምን ከዞረ ቆይቷል። ባለቤቱ ማኅበረሰብ ፈቅዶና ከገቢው ተካፍሎ፣ ይህ ባህል በአካባቢው ወጣት እጅ ወደ ጨዋታ ቢለወጥ፣ ከጂንካ የሚወጣው ሸቀጥ 750 ኪሎ ሜትር መጫን አያስፈልገውም። መደብሩ ከሽያጩ ድርሻውን መውሰዱ አይቀርም። ስቲም በመነሻው 30 በመቶ ይወስዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተው የኤፒክ መደብር 12 በመቶ ብሎ በመጀመሩ ድርሻው የሚያከራክር መሆኑን አሳይቷል። ያም ሆኖ የኮረሪማ ገበሬው በመንገድ ላይ ከሚቀርበት ጋር ሲነጻጸር የማይናቅ ዕድል ነው።

እንግዲህ የኢንተርኔት መደብሩ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ጥያቄ በደፈናው የሚመለስ አይደለም። በብር መክፈል ለሚችል፣ በቂ መስመር ላለውና የገዛው ፈቃድ እንጂ ዕቃ አለመሆኑን አውቆ ለሚገዛ ሰው ከሲዲውም ከፍላሹም ይሻላል። እነዚህ ሦስቱ እስኪሟሉ ግን በጂንካ ገበያ አሸናፊው ያው ፍላሽ ጫኙ ነው። የሚመለከታቸው አካላት ሕገወጥ ቅጂን በፖሊስ ከማሳደዳቸው በፊት ሕጋዊው ግዢ የሚቻልበትን በር መክፈት ይጠበቅባቸዋል። ሸማችን የሚገዛበት በር ሳያሳዩ ለምን ሰረቅህ ማለት ለማንም አይጠቅምም።