ስለ ጡት ነቀርሳና ስለ ፎቶግራፍ ጥቅም

ፎቶግራፍ ለመታሰቢያና ለጌጥ ብቻ የተገኘ ጥበብ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በደዌ ምክንያት ከሰው የተለየውን ወደ ማኅበሩ ለመመለስ የሚረዳ መሣሪያ መሆኑን በሌላ አገር የተሠራው ሥራ ያስረዳናል።

በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ የበዛው የጡት ነቀርሳ ነው። ሕመሙ በቀዶ ጥገናና በመድኃኒት ቢታከምም፥ ሐኪም የማይደርስበት ሌላ ቍስል ይተዋል፤ ይኸውም ኀፍረትና ብቸኝነት ነው። ጡትዋን ያጣች ሴት ከማኅበርና ከዕድር ልትሸሽ ትችላለች፤ ጎረቤትም የሚላትን ስለማያውቅ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ፍርድ ይከብዳታል።

እንግሊዛዊቱ ፎቶግራፍ አንሺ ጆ ስፔንስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1982 ዓመት ይህ ሕመም እንዳለባት ተነገራት። አስቀድማ በሎንዶን ለሠርግና ለቤተ ሰብ መታሰቢያ የሚሆን ፎቶግራፍ ታነሣ ነበርና፥ በዚያው ጥበብ የሐኪም ቤት ኑሮዋን መመዝገብ ጀመረች። ከጓደኛዋ ከሮዚ ማርቲን ጋራም አንዷ ሌላዋን እያነሣች፥ የተሰወረውን ሐዘንና ፍርሃት የሚገልጡበትን ዘዴ አበጁ። ስለ ሕክምና የመረጠችውን መንገድ ምሳሌ አድርገን አናቀርብም፤ ነገር ግን ሌሎች ይመለከቱት የነበረውን ገላዋን ራስዋ ተመልካች ሆና የራስዋ ማድረግዋን እናስተውላለን።

በ1992 ደግሞ በቻይና አገር በዩናን፥ ካሮሊን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ ለ62 የገጠር ሴቶች የፎቶግራፍ ማንሻ አስያዙ። ሴቶቹም ኑሮአቸውን አንሥተው፥ በሥዕሉ ዙሪያ ተሰብስበው ተነጋገሩ፤ ለሹማምንትም አሳዩ። በዚህም ስለ ሕፃናት መጠበቂያና ስለ አዋላጆች ጉዳይ ቃላቸው ተሰማ። ፎቶቮይስ የተባለው ይህ ዘዴ በኋላ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ገጠር፥ የጡት ነቀርሳ ታክመው ለተረፉ ጥቁር ሴቶች ጠቅሞአል፤ ጥናቱም በ2005 ታተመ። ሴቶቹ የሚታመኑበት ደጋፊ ማግኘትን፥ የወደፊት ኑሮአቸውን፥ ለሌሎችም ምሳሌ መሆንን አንሥተው ተናገሩ።

«የሴትን ገላ በአደባባይ መግለጥ ነውር ነው» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ሥጋን መግለጥ ግን ግዴታ አይደለም። አንዲት ሴት ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደውን ረጅም መንገድ፥ ማንሣት ያቃታትን እንስራ፥ ወይም የአስታማሚዋን እጅ ብታነሣ ታሪክዋ በሙሉ ይነገራል። ነውሩ ግን ያለ ፈቃድዋ ሥዕልዋን ለሌላ ማሳየት ነው፤ የሥዕሉ ባለቤት እርስዋ ናትና።

ዛሬ ብዙው የእጅ ስልክ ፎቶግራፍ ስለሚያነሣ ወጪው ጥቂት ነው። ስለዚህ የጤና ሹማምንት ለታካሚዎቹ መሰብሰቢያ የሚሆን አንድ ክፍል ይስጡአቸው፤ ራሳቸውም መጥተው ሥዕሉን ይመልከቱ፥ የሚነገረውን ይስሙ። ብዙ ጊዜ ምሥጢሩን አስቀድሞ የሚሰማው የነፍስ አባት ነውና፥ ካህናትም ሕመምተኛዪቱ ሳትዘገይ ወደ ሐኪም እንድትሄድ ይምከሩ፤ ስትመለስም በማኅበሩ መካከል ስፍራዋን ያስጠብቁላት። ፎቶግራፍ የሐኪምን ሥራ አይተካም፤ ሐኪም ያተረፋትን ሴት ግን ወደ ወገኖችዋ ለመመለስ ይረዳል።