የሱመርን ቋንቋ ያዳነ የተማሪ ቤት ሸክላ

ኦሪት ዘፍጥረትን ያነበበ ሁሉ የሰናዖርን ምድር ያውቃል። ኦሬክና አርካድ የተባሉት ከተሞች በምዕራፍ 10 ተጠቅሰዋል፤ በምዕራፍ 11 ደግሞ የዚያ አገር ሰዎች በድንጋይ ፈንታ በጡብ ይሠሩ እንደ ነበር ተጽፏል። ይህም ከምድሩ ጠባይ ጋር የተስማማ ነው። በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል ያለው ደቡባዊው የኢራቅ ሜዳ ደለል ነውና ድንጋይ አይገኝበትም። ስለዚህ የጥንት ነዋሪዎቹ ቤታቸውን በጭቃ ሠሩ፤ ነገራቸውንም በጭቃ ላይ ጻፉ። እነዚህ ሰዎች ሱመራውያን ይባላሉ። ዛሬ የምንናገረው ቋንቋቸው እንዴት እንደ ጠፋና በምን ምክንያት እንደ ተገኘ ነው።

ኦሬክ በአገሩ ስም ኡሩክ ትባላለች። በእርስዋ ፍርስራሽ ውስጥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3300 ዓመት ገደማ የተጻፉ የሸክላ ጽላቶች ተገኝተዋል። ከእነዚህ የሚበዙት የንጉሥ ውዳሴ አይደሉም፤ የገብስ፣ የበግና የጠላ ሒሳብ ናቸው። በኋላም ጸሓፊዎች እርጥቡን ሸክላ በተቆረጠ ሸምበቆ እየተጫኑ ይጽፉ ስለ ነበር፣ ፊደሉ የሽብልቅ መልክ ያዘ።

ግዕዝና አማርኛ፣ ዕብራይስጥና ዐረብኛ፣ የባቢሎን ሰዎች የተናገሩት አካድኛም የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። እኛ «ቤት» የምንለውን አካዳዊው «ቢቱ»፣ «ስም» የምንለውን «ሹሙ»፣ «ልብ» የምንለውን «ሊቡ» ይለዋል። ሱመራዊው ግን ቤትን «ኤ»፣ ስምን «ሙ»፣ ልብን «ሻ» ይላል። ንጉሥንም «ሉጋል» ይለዋል፤ ትርጓሜው «ትልቅ ሰው» ማለት ነው። ለዚህ ቋንቋ እስከ ዛሬ ዘመድ አልተገኘለትም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2000 ዓመት ገደማ ሱመርኛ ከቤትና ከገበያ እየወጣ፣ አካድኛ እየተተካ ሄደ። ነገር ግን ከቤተ መቅደስና ከተማሪ ቤት አልወጣም። ተማሪ ቤቱን «ኤዱባ» ይሉት ነበር፤ የጽላት ቤት ማለት ነው። በኒፑር ከተማ ከተገኙት ጽላቶች መካከል በአንድ ወገን መምህሩ አስተካክሎ የጻፈው፣ በሌላው ወገን ሕፃኑ እየተንገዳገደ የገለበጠው የሚታይባቸው አሉ። መምህራኑም ሱመርኛውን በግራ፣ አካድኛውን በቀኝ እያደረጉ የቃላት መዝገብ አዘጋጁ። በአገራችን የቅኔ ተማሪ ግሱን ሲቀጽል የሰማ፣ ወይም ግዕዙን ከአማርኛ ፍችው ጋር የሚያገናኘውን ሰዋስው ያየ፣ የሥራውን ጠባይ ሳይነገረው ያውቀዋል። እነዚህ መዝገቦች ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፉ ብዙ መቶ ዓመታት ኖሩ። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ምእት ዓመት ግን የመጨረሻዎቹ ጸሓፊዎች አለፉ፤ ፊደሉም ቋንቋውም አንባቢ አጣ።

ዝምታው የተሰበረው በ19ኛው ምእት ዓመት ነው። (ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።) እንግሊዛዊው ሄንሪ ሮሊንሰን የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ በቤሂስቱን ገደል ላይ በሦስት ቋንቋ ያስቀረጸውን ጽሕፈት ከ1835 ጀምሮ ገለበጠ፤ ከሦስቱ አንዱ አካድኛ ነበር። በ1857 አራት ሊቃውንት አንድን የአሦር ጽሕፈት ሳይመካከሩ ተርጕመው ትርጕማቸው በብዙው ስለ ተስማማ፣ የአካድኛው ንባብ እውነተኛነት ተረጋገጠ። ነገር ግን አየርላንዳዊው ካህን ኤድዋርድ ሂንክስ ፊደሉ ለሴማውያን ድምፅ የማይመች መሆኑን አይቶ፣ የፈጠሩት ሌሎች ሰዎች መሆን አለባቸው ሲል በ1850 ተናግሮ ነበር። በ1869 ዩልዩስ ኦፐርት «የሱመርና የአካድ ንጉሥ» ከሚለው የጥንት ነገሥታት ማዕርግ ወስዶ ቋንቋውን ሱመርኛ ብሎ ሰየመው።

በዚህ ጊዜ ብርቱ ተከራካሪ ተነሣ። ዮሴፍ ሃሌቪ በ1867 እና በ1868 ወደ አገራችን መጥቶ ቤተ እስራኤልን የጎበኘ፣ በኋላም በፓሪስ ግዕዝን ያስተማረ ሊቅ ነው። እርሱ ከ1874 ጀምሮ፣ ሱመራውያን የሚባሉ ሕዝብ አልነበሩም፤ ሱመርኛ የተባለውም የባቢሎን ካህናት ምስጢራቸውን ለመሰወር የፈለሰፉት የአጻጻፍ ስልት ነው ሲል ጻፈ። እንዲህ ያለ ሊቅ ሲናገር በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። አንድ ሕዝብ ከሞተ በኋላ፣ አልተወለደም ሊባል ደረሰ።

መልሱን የሰጠው አፈሩ ነው። በ1877 በባስራ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ኤርነስት ደ ሳርዜክ ተሎ በተባለው ስፍራ መቈፈር ጀመረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2100 ዓመት ገደማ የላጋሽ ገዥ የነበረው የጉዴአ ሐውልቶች ወጡ፤ ጽሕፈታቸውም በሱመርኛ ብቻ ነበር። ቀጥሎም በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ የሒሳብ ጽላቶች ተገኙ። ምስጢር ለመሰወር የተፈለሰፈ ጽሕፈት ግን የበግና የገብስ ቍጥር ለመመዝገብ አያስፈልግም። ሊቃውንቱም የጥንቶቹን መምህራን የቃላት መዝገብ ይዘው ቋንቋውን ቃል በቃል ፈቱት። ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ቱሮ ዳንዤን በ1905 የነገሥታቱን ጽሕፈት ተርጕሞ አሳተመ፤ ጀርመናዊው አርኖ ፖቤልም በ1923 የሰዋስዉን መጽሐፍ አወጣ። ሃሌቪ ግን በ1917 እስኪሞት ድረስ አሳቡን አልለወጠም።

አንባቢ ሆይ፤ የዚህ ሕዝብ ድምፅ ከእኛ የራቀ አይምሰልህ። ሱመራዊው «ኤ» ቤት፣ «ጋል» ትልቅ ብሎ፣ ቤተ መንግሥትን «ኤጋል» አለው። አካዳዊው ተቀብሎ «ኤካሉ» አለ፤ ቃሉ ወደ ዕብራይስጥና ወደ ሱርስት አለፈ፤ በግዕዛችንም ቤተ መቅደስን «ሃይከል» እንላለን።

የጉዴአ ቤተ መቅደስ ፈርሷል፤ የኡሩክ ቅጥርም ወድቋል። ቋንቋውን ለእኛ ዘመን ያተረፈው ግን መምህር በትዕግሥት የደረደረው፣ ሕፃንም እየሰለቸው የገለበጠው የቃላት መዝገብ ነው። ስለዚህ በቤታችሁ ከአያት የቀረ የግስ ወይም የሰዋስው ደብተር ቢኖር፣ አርጅቷል ብላችሁ ለእቃ መጠቅለያ አታድርጉት። ልጆቻችሁም አንድ ገጽ ይገልብጡ፤ የሚጠቅመው ለማን እንደ ሆነ የሚገልጸው የሚመጣው ዘመን ነውና።