ከኤዲንብራ ምን ይዤ ልመለስ?



ከቤቷ ወጥታ ሩቅ አገር ለምትሄድ እናት በር ላይ የሚቀርብላት ጥያቄ ያው አንድ ነው፤ «እማዬ፣ ምን ታመጪልኛለሽ?» የሚል ነው። እኔም ለአጭር የሥራ ሥልጠና ወደ ብሪታንያ ስነሳ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ይህንኑ ጠየቀችኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ቡና ተፈልቶ ቤተ ዘመድ እንደተሰበሰበ ልጄ ወደፊት ሐኪም መሆን እንደምትፈልግ ተናገረች። አጎቴ ሳቅ ብለው፣ «ለሴት ልጅ ይህን ያህል ዓመት መማር ዕድሜ መፍጀት ነው፤ ቀለል ያለ ሙያ ምረጪ» አሏት። እኔም ታላቄን አክብሬ ዝም አልኩ። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን ይዤ ነው አውሮፕላን የተሳፈርኩት።

ሥልጠናው ሲያልቅ ሦስት ቀን ትርፍ ጊዜ ስለ ነበረኝ፣ ከለንደን አራት ሰዓት ተኩል ያህል በባቡር ተጉዤ የስኮትላንድ ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ኤዲንብራ ሄድኩ። በዛሬው ዝግጅታችን ያየሁትን አካፍላችኋለሁ። ዕድሉ ለሚገጥማችሁ መንገድ ይመራችኋል፤ ላልገጠማችሁም ለልጆቻችሁ የምትነግሩት አታጡበትም።

ባቡሩ የሚያወርደው ከተማዋን ለሁለት በከፈለው ሸለቆ ውስጥ ነው። በአንድ ወገን በኮረብታው ጀርባ ላይ የተደረደረው አሮጌው ከተማ፣ በሌላው ወገን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1767 ጀምሮ በፕላን የተሠራው አዲሱ ከተማ ይታያል። ዩኔስኮ ሁለቱንም በ1995 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በአሮጌው ከተማ ከቤተ መንግሥቱ እስከ ምሽጉ የሚወጣው ዋና መንገድ ንጉሣዊ ማይል ይባላል። ከግራና ከቀኙ እንደ ዓሣ አጥንት ጠባብ መተላለፊያዎች ይወጣሉ። ቦታ ስለ ጠበበ ቤቶቹ ወደ ላይ ተሠርተው ብዙ ፎቅ አላቸው። ቧንቧ ከመግባቱ በፊት ውኃ ከመንገድ ላይ እየተቀዳ በዚያ ሁሉ ደረጃ በሸክም ይወጣ ነበር፤ ከተሸካሚዎቹም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። እንስራ ያዘለች ሁሉ የዚያን ደረጃ ክብደት ታውቀዋለች።

ምሽጉ የጠፋ እሳተ ገሞራ ባስቀረው ዐለት ላይ ተቀምጧል። በግቢው ካሉት ሕንፃዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ትንሽ የጸሎት ቤት ሲሆን፣ ንጉሥ ዳዊት ቀዳማዊ በ1130 ገደማ ለእናቱ ለንግሥት ማርጋሬት መታሰቢያ ያሠራው ነው። ከዚያም ንግሥት ሜሪ በሰኔ 1566 ልጇን የወለደችበት ክፍል አለ። ከእኛ ጓዳ ብዙ አይሰፋም። ልጁ ኋላ የስኮትላንድም የእንግሊዝም ንጉሥ ሆኗል፤ እናቱ ግን ዓመት ሳይሞላው ተለይታው እስክትሞት ድረስ ዳግም አላየችውም። እዚያ ክፍል ውስጥ ቆሜ ልጆቼ ናፈቁኝ። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ መድፍ ተተኮሰና አስደነገጠኝ። ከ1861 ጀምሮ መርከቦች ሰዓታቸውን እንዲያስተካክሉበት ከእሑድና ከጥቂት ቀናት በቀር በየቀኑ የሚተኮስ ነው።

በሁለተኛው ቀን ቦርሳዬን ላለመጉዳት ያለ ክፍያ ወደሚታየው የስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ሄድኩ። ከዚያ በእግር ሩቅ ያልሆነ፣ ትላልቅ ዓምዶች ያሉት የቀዶ ሐኪሞች አዳራሽ አለ። የልጄን ጥያቄ የመለሰልኝ የዚህ አዳራሽ ደጃፍ ነው።

በ1869 ሶፊያ ጄክስ ብሌክ የተባለች ሴትና ስድስት ጓደኞቿ ሕክምና ለመማር በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ተመዘገቡ። ትምህርቱን ለብቻቸው፣ ከወንዶቹ የበለጠ እየከፈሉ እንዲማሩ ተደረገ። ከመካከላቸው ኢዲት ፒቺ በኬሚስትሪ ብልጫ አግኝታ ሳለች ሽልማቱ ከእርሷ በታች ለሆነ ወንድ ተሰጠ። በኅዳር 1870 ለፈተና ወደ አዳራሹ ሲመጡ ብዙ ሰው መንገድ ዘግቶ ጭቃ ወረወረባቸው፤ በሩም ተዘጋባቸው። እንደ ምንም ገብተው ሲፈተኑም በግ ወደ ክፍሉ ተገፍትሮ ገባባቸው። እነርሱ ግን ፈተናቸውን ጨረሱ። በ1873 ፍርድ ቤት ዩኒቨርሲቲው ዲግሪ የመከልከል መብት አለው ብሎ ፈረደባቸው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሶፊያ በሌላ አገር ዲግሪዋን አግኝታ በ1878 ወደዚያችው ከተማ በሐኪምነት ተመለሰች፤ ድሆች ሴቶችንም አከመች። በ1886 ለሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ከፈተች። ዩኒቨርሲቲው ሴቶችን ለዲግሪ የተቀበለው በ1892 ነው። ለሰባቱም የተከለከሉትን ዲግሪ በክብር የሰጠው በ2019 ሲሆን፣ ስለ እነርሱ የተቀበሉት ዛሬ እዚያ የሚማሩ ሴቶች ናቸው።

በመጨረሻው ቀን ከምሽጉ በታች ወዳለው የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ጎራ አልኩ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከዘረፈው ቅርስ አንዱ የሆነ ታቦት እዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ ብዙ ዘመን ተቀምጦ ኖሯል። በ2001 ምንነቱን የተረዱ አንድ ካህን አገኙትና በ2002 ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ሊመለስ የሚገባው ነገር ቢዘገይም እንደሚመለስ አሰብኩ።

ለምትሄዱ አንዳንድ ምክር ልስጥ። ከተማዋ ዳገትና ደረጃ ስለሆነች የተመቸ ጫማ አድርጉ። ነፋሱ ዣንጥላ ይሰብራልና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ይሻላል። የምሽጉ መግቢያ ውድ ስለሆነ ገንዘባችሁን ለእርሱ አስቀሩ፤ ሙዚየሙን፣ የሥዕል አዳራሹንና ከተማዋን ከላይ የሚያሳየውን የካልተን ኮረብታ ግን በነፃ ታያላችሁ። ባለ መስመር የሱፍ ሻርፕ በየሱቁ ተሰቅሏል። እኔ ዋጋውን ጠይቄ መልሼ ሰቀልኩትና አንድ ፖስት ካርድ ገዛሁ።

አገሬ እንደገባሁ በእሑዱ ቡና ላይ፣ አጎቴም ባሉበት፣ የሰባቱን ሴቶች ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። አጎቴ ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ «ለመሆኑ ሁሉም ሐኪም ሆኑ?» አሉ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ሁለቱ ዲግሪ አላገኙም፤ አምስቱ ግን ከበርንና ከፓሪስ ተምረው አመጡ። «አምስት ከሰባት ደህና ነው» ብለው ሁለተኛውን ቡና ተቀበሉ። ያኔም፣ «አጎቴ፣ ልጄም የፈለገችውን ትማራለች» አልኩ። ባለፈው ሳልናገር የቀረሁት ቃል ይህ ነበር።

ልጄ ፖስት ካርዱን ደብተሯ ውስጥ ከተተችና፣ «በጉንስ ማን አስወጣው?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል። ስለዚህ እህቶቼ፣ ለሥራም ሆነ ለዕረፍት ከቤት ስትወጡ፣ ባሕር ማዶም ይሁን ጎንደር ወይም ሐረር፣ ለልጆቻችሁ የሰው ታሪክ ይዛችሁ ተመለሱ። ስትነግሯቸውም ዘመድ ባለበት ይሁን።